የግራ እጅ ፈትል

ሊይዙኝ የመጡት በክትባት ቀን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱ በሩ ላይ ቆሞ ጨርሺ አለኝ። የያዝኩትን ሕፃን ወግቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጋውኔን አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ተሰልፈው ከነበሩት እናቶች አንዲቱ ልጇን ይዛ እስከ በሩ ተከተለችኝና የእሱ ተራ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ጥፋቴ አጭር ነው። በምርጫው ቀን የተቃዋሚ ታዛቢ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር እኔ ካየሁት ጋር አልገጠመም፤ አልፈርምም አልኩ። ሌሎቹ ፈረሙ። ከፈረሙት አንዱ ዛሬም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳኛል። ስሙን አልጽፍም፤ እሱ ያውቀዋል።

ያስገቡኝ በድሮው የገበሬ ማኅበር የእህል መጋዘን ነው። ሴቶችን የሚያስሩበት ሌላ ክፍል ስላልነበረ በምንም ጥፋት የተያዘች ሴት እዚያው ትገባለች። መስኮት የለውም። ብርሃኑም ውርጩም የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ነው። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገብስ እብቅ ነበር፤ ስንት ዓመት ቢጠረግም አላለቀም። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታ ግን የገብስ ሳይሆን የእርጥብ በግ ፀጉር ነው። አምስት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ይፈትሉ ነበር። ቤተሰብ ስንቅ ሲያመጣ ፀጉርም ጨምሮ ያመጣል፤ እንዝርት ደግሞ እንጨት ስለሆነ ጠባቂዎቹ አይከለክሉም። የመንዝ ሴት ታሰረች ተብሎ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። እሷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ከፈትሉ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ይሠራል፤ ክረምቱም አይጠብቅም።

የክፍሉ አለቃ ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ያልከፈለ ደንበኛዋን ግንባር በጣሳ ፈንክታ የገባች። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ አፈኛ። የምተኛበትን ቦታ አሳየችኝና፦

«ሲስተር፣ እዚህ ሁሉም ሰው ንጹሕ ነው። ወንጀለኛዋ እኔ ብቻ ነኝ፤ ብታከብሪኝ ይሻላል» አለችኝ።

ከእኔ ቀጥሎ የምትተኛው ከጓሳ አፋፍ የመጣች ሴት ነበረች። ሠላሳን ያለፈች፣ ቀይ ዳማ፣ ፊቷን ውርጭ የበላው። የጓሳዋ እንላት ነበር። ከሁሉም ፈትል የሷ ይበልጥ ነበር፤ ቀጭን፣ አንድ ወጥ። የገባሁ ዕለት እንዝርቷን አስቀምጣ፦

«እትዬ፣ ለምን አሰሩዎት?» አለችኝ።

እንዲሁ ነው አልኳት። ከሰዓት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ በዚያው ድምፅ፣ መጀመሪያ እንደምትጠይቅ ሆና። በማግስቱ ጠዋትም ጠየቀችኝ።

እኔም በተራዬ እሷን ለምን እንዳሰሯት ጠየቅኳት። ጓሳ ሣር ሳጭድ ተይዤ ነው አለች። ጓሳው ተዘግቶ አልነበረም ወይ ብላት፣ መዘጋቱን ረስቼ ነው አለችኝ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። ጓሳ የሕዝብ የሣር ምድር ነው፤ ሲዘጋ የሚዘጋው፣ ሲከፈት የሚከፈተው በስምምነት ነው። በተዘጋበት ዘመን ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ከአባቶቹ ቃል ጋር ይጣላል። እዚያ የተወለደ ሰው የልጁን ስም ይረሳ ይሆናል እንጂ የጓሳን መዘጋት አይረሳም። ስለዚህ ውሸቷን ነው አልኩ። ውሸታም ሆና ደግሞ በቀን ሦስቴ ለምን ታሰርሽ የምትል ሴት ምን እንደሆነች ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም። ከመያዜ በፊት ቤቴ ተቀምጠን ያወራነው ወሬ ሁሉ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ አግኝቼው ነበር። ቤቴ የገባው ሰው እንጀራዬን የበላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝን ሰው አላምንም።

ፊቴን አዞርኩባት። ያ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር። ለአለቃዋም በጆሮዋ ነገርኳት፤ ከጓሳዋ ተጠንቀቁ፣ ጆሮ ጠቢ ናት አልኳት። በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉ በሙሉ አወቀ። እሷ ስትጠጋ ጨዋታ ይቆማል። እሷም ነገሩ ሳይገባት ወደ ጥግ ሄዳ ትፈትላለች።

ፍልሰታ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾምና ከዚያ ከአንድ ገበታ አምስት ስድስት ሆነን እንበላለን፤ የገብስ እንጀራ በሽሮ። የጓሳዋ ጠዋት ስትነሳ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ትቀመጣለች። ስታስል ወይም ጎንበስ ስትል ፊቷ ይጨማደዳል። ከዚያ ሳያቅለሸልሻት፣ ሳታስጠነቅቅ፣ ትውከቱ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወጣል። ሲወጣላት ደግሞ ይሻላታል፤ ፊቷን ታጥባ እንዝርቷን ታነሳለች። አንዳንዷ ጾሙ ነው አለች። አለቃዋ ግን፦

«ባልሽ ሞላሌ ከተማ፣ አንቺ እዚህ። ይሄ ልጅ በደብዳቤ ነው የመጣው?» አለቻት።

ሴቶቹ ሳቁ። የጓሳዋም ሳቀች፤ ቆይቶ ነው የገባት።

ገበታ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የጓሳዋ በቀኟ በኩል ያለውን ጠርጋ ትበላና በግራዋ ያለውን ሳትነካ እጇን ትሰበስባለች። በግራዋ የምትቀመጠው አለቃዋ ናት። ሦስት ቀን ዝም ብላ አየቻትና በአራተኛው፣ ጠላ ሻጭ ብሆንም እጄን ታጥቤ ነው የምቀርበው፣ ተጸይፈሽኝ ከሆነ ለብቻሽ ብዪ አለቻት። የጓሳዋ ግራ ገብቷት እንጀራው አልቆ የለም ወይ አለች። ይህ አለቃዋን ይበልጥ አናደዳት። ወደ ጓሮ ስንወጣም የጓሳዋ የበሩን መቃን በግራ ትከሻዋ ትገጫለች፤ ዛሬም ነገም፣ ያንኑ መቃን። ጠባቂው ሰክረሽ ነው ወይ ይላታል።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ሃያ ዓመት ነርስ ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ። አንዲት እናት ይህን ይዛ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሆስፒታል እጽፍላት ነበር። ሰላይ ናት ስላልኩ ግን ያየሁትን ሁሉ ማስመሰል አደረግኩት። ታመምኩ ብላ ልታስወራኝ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲህ ሄደ።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንዝርቷ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለና እግሬ ሥር መጣ። አንስቼ ልሰጣት ስል ዓይኔ ልቃቂቱ ላይ አረፈ። ከላይ ያለው ፈትል ጀማሪ የፈተለው ይመስላል፤ እዚህ እንደ ጣት የወፈረ፣ እዚያ ሊበጠስ የደረሰ። ገረመኝ። አንድ ዙር ፈታሁ፤ ትንሽ ይሻላል። ደግሞ ፈታሁ፤ ይበልጥ ይሻላል። ወደ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ፈትሉ እየቀጠነ፣ እየተስተካከለ ሄደና መሃሉ ላይ ያ የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ቀጭን፣ አንድ ወጥ ክር ብቅ አለ።

ልቃቂቱን ይዤ ተቀመጥኩ። እንዝርቱን የሚያሾረው ቀኝ እጅ ነው፤ ፀጉሩን እየመጠነ የሚለቀው ግራ እጅ ነው። ሰው ለማስመሰል ዛሬ እጁን ሊያበላሽ ይችላል። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፣ ማንም በማይፈታው ልቃቂት ውስጥ፣ ለሁለት ሳምንት ማስመሰል ግን አይችልም።

አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ሁለቱንም እጅሽን ወደ ፊት ዘርጊ፣ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት። ዘረጋች። ቀኙ ባለበት ቆመ፤ ግራው ቀስ እያለ ወረደ። አታውቀውም ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ የት እንደደረሰ አይታ ደነገጠች። አፍንጫዬን እያየሽ ቆይ ብዬ ጣቴን በግራዋ በኩል አንቀሳቀስኩ። አላየችውም። በቀኟ ሳደርገው ወዲያው አየችው።

«ከመቼ ጀመረሽ?» አልኳት።

ራስ ምታቱ ከጥምቀት ወዲህ ነው አለች። ጠበል ሁለት ሱባኤ ተጠምቃለች። ድሮ ዝምተኛ ነበረች፤ ባሏ ግን ዘንድሮ ምን ነካሽ፣ ከሰው ሁሉ ትጣያለሽ ይላታል። የጓሳ ጠባቂዎቹ ሲይዟት በማጭዷ ልትመታቸው ተነስታ ነበር፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ የገዛ አጎቷ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አታውቅም።

«መዘጋቱን እኮ አውቃለሁ። አባቴ ጠባቂ ነበር» አለችኝ። «ያን ቀን ግን ከራሴ ጠፋ። ማን ያምነኛል እትዬ?»



በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደልማዷ ቀኙን በልታ እጇን ስትሰበስብ ገበታውን ይዤ አዞርኩት። በግራዋ የነበረው እንጀራ ወደ ቀኟ መጣ። ጨመሩልን እንዴ ብላ መብላት ጀመረች። አለቃዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ገበታ የምታዞረው እሷ ሆነች፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

በማግስቱ ግራ እጇ ብቻውን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወደ ፊቷ ወጣ፤ ከዚያ ሰውነቷ ሁሉ ተንዘፈዘፈና ወደቀች። ሴቶቹ ጠባቂውን ክብሪት ለመኑት፤ ጭረው ሊያሸቷት። አንዷ ማንኪያ አመጣች። አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ከለከልኩ፣ በጎኗ አስተኛኋት፣ ከራሷ ሥር ነጠላዬን አድርጌ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። ረጅም አልነበረም። ስትነቃ ግራ እጇን ለጊዜው ማንሳት አልቻለችም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ሆና ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ በጭራሽ አለች። ያን ጊዜ የቀረኝ ጥርጣሬ ሄደ። አንጎሏ ውስጥ የሚያድግ ነገር አለ። ፍጥነቱ በፈትሉ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ የላትም።

ጤና ረዳቱ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ሁለት ቀን በሩን ብደበድብም ከሐሙስ በፊት የሚጠራው አልተገኘም።

ይህን ጤና ረዳት እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት። መርፌ መያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እትዬ፣ እርስዎ እያለ ከኋላዬ ይሄድ የነበረ ሰው እኔ በተያዝኩ በሳምንቱ ቦታዬን ወሰደ፤ እስር ቤት ሲመጣም አንቺ አለኝ። የጓሳዋን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቷት ሁለት ፍሬ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቷት ሄዷል።

ሐሙስ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ደረቱ ላይ መዝገቡን አቅፎ ሰማኝና፦

«የእስረኛ በሽታ በር ሲከፈት ይድናል። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ» አለኝ።

«እየው» ብዬ ልቃቂቱን ሰጠሁት።

ምን ላድርገው አለ። ፍታው አልኩት። በአንድ እጁ መፍታት ጀመረ፤ ከዚያ መዝገቡን መሬት አስቀመጠ። የመንዝ ልጅ ነው፤ በእናቱ ፈትል ነው ያደገው። ስለ ሣርም ስለ ምርጫም ሊከራከረኝ ይችል ነበር፤ በፈትል ግን ሊከራከር አይችልም። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ክሩን በጣቶቹ መካከል አሸት አደረገው።

እኔ ከጻፍኩት የፖለቲካ ነው ይሉኛል አለ በመጨረሻ፤ ልጆች አሉኝ። እሱ ካልጻፈ እኔ እጽፋለሁ አልኩት። ሄዶ የጣቢያውን አዛዥ አነጋግሮ ተመለሰ። ትጻፍ ተብሏል፣ ሙያዋን ግን እንዳትጠቅስ፣ ከሥራ ተሰናብታለች አለኝ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሳ የሚብስ፣ በሳልና በማጎንበስ የሚጨምር፣ ከወር ወር እየከፋ የመጣ ራስ ምታት አላት ብዬ ጻፍኩ። ማቅለሽለሽ ሳይቀድመው የሚመጣ ትውከት፤ በግራ በኩል ያለውን አለማየት፤ ቀስ በቀስ የሰነፈ ግራ እጅ፤ መርሳትና የጠባይ መለወጥ፤ በዚህ ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ መንቀጥቀጥ። ራስ ምታት ብቻውን ብዙ ምክንያት አለው፣ እነዚህ ግን አብረው ሲመጡ የአንጎል ዕጢ ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ በማሽን ትታይ አልኩ። ስሜን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ነርስ ብዬ ፈረምኩ።

«ይመልሱታል» አለ።

«ማን አያት ተብሎ ሲጠየቅ እስረኛ አየቻት ከሆነ መልሱ፣ ሆስፒታሉ ከደጅ ይመልሳታል። እንግዲያስ አንተ ፈርምና የኔን ሰርዘው» አልኩት።

አልፈረመም። ወደ አዛዡ ይዞት ሄደ። ነርስ የሚለው በቀይ ተሰርዞ ተመለሰ። ከተሰረዘው አጠገብ ደግሜ ጻፍኩት። እኔ አልፈርምም ብዬ ነው የታሰርኩት፤ አሁን ደግሞ ፈርሜ ሊቀጡኝ ከፈለጉ ይቅጡኝ። ጤና ረዳቱ ከኪሱ የጤና ጣቢያውን ማኅተም አወጣና ስሙን ሳይጽፍ ከስሜ ጎን መታው። ያን ጊዜ እትዬ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጣ። አለቃዋ የጓሳዋን ፀጉር አበጥራ፣ ሻሽ አሰረችላትና የራሷን ጫማ አጠለቀችላት፤ ግራው እግር አልገባ ብሎ ተንበርክካ ስታስገባ፣ መቃኑን ብትገጪው ከነጫማዬ እመልስሻለሁ አለቻት። እኔ በግራዋ ሆኜ ይዣት ወጣሁ። ሰላይ መስለሽኝ ነበር፣ ለሁሉም የነገርኩብሽ እኔ ነኝ አልኳት። ቆማ አየችኝ።

«እኔ? ለማን ብዬ?» አለችና ሳቀች።

ጥቂት እርምጃ ሄድን። አዛዡ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሁለት ፖሊሶችም። እግሯን ልታነሳ ስትል ዞር ብላ፣ መጀመሪያ እንደምትጠይቅ ሆና፦

«እትዬ፣ ለመሆኑ እርስዎን ለምን አሰሩዎት?» አለችኝ።

ከተያዝኩ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ለማንም መልሼ አላውቅም። ለመርማሪውም ዝም ነበርኩ።

«ቁጥሩ ውሸት ነበር። አልፈርምም ስላልኩ ነው» አልኳት፤ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

«እርስዎ ደግ አደረጉ» አለችና ገባች።

ለዚያ መልስ አሥር ቀን ከፀሐይ ተከለከልኩ። አይቆጨኝም።

አዲስ አበባ ወስደው ዕጢውን አወጡላት። ትንሽ ቀደም ብላ ብትመጣ የግራ እይታዋ ይተርፍ ነበር ብሎ ሐኪሙ ለባሏ ነግሮታል፤ ባሏ ደግሞ እኔን ሊያመሰግን ከተማችን ዘመሮ ድረስ በበቅሎ መጥቶ ነገረኝ። ትንሽ ቀደም ብላ የሚለው ስንት ቀን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ለእሱ አልነገርኩትም።

ጤና ረዳቱ ዛሬ ገበያው አጠገብ መድኃኒት ቤት አለው። መድኃኒቴን የምገዛው ከሌላ ቤት ነው። ይቅር በዪው የሚሉኝ አሉ፤ ቀሳውስቱም ብለውኛል። እሺ እላለሁ፤ አሁንም ከሌላ ቤት እገዛለሁ። እሱ ግን ሁለት ጊዜ አይቷት ነው የሄደው። እኔ ሁለት ሳምንት አጠገቧ ተኝቻለሁ።

የጓሳዋ እኔ ከተፈታሁ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቤቴ መጥታለች። ጸጉሯ በቀኝ በኩል ጠባሳው ላይ አልበቀለም። እንደገና ትፈትላለች፤ ይወፍራል ግን ባና ይሆናል ብላ አሳየችኝ። ምሳ አቀረብኩ። በቀኟ ያለውን በልታ እጇን ስትሰበስብ፣ ሳልጠብቀው፣ ገበታውን በራሷ ቀኝ እጅ ይዛ አዞረችው። ሐኪሞቹ አስተምረዋት ይሆናል። እኔ ግን ያስተማረቻት ያቺ ጠላ ሻጭ ናት ብዬ አምናለሁ።

ከመሄዷ በፊት ለምን እንደታሰርኩ አልጠየቀችኝም። ታስታውሰው ነበር።